በጨርቅ ላይ የታተመ ባትሪ

ጨርቁ ፖሊስተር ነው። ነጠላ፣ ስስና የሚተጣጠፍ። በአንድ ፊቱ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣቦች በረድፍ ታትመዋል። ሁለት ዓይነት ናቸው። ትልልቆቹ ከዳር እስከ ዳር 2 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ብር ናቸው። ትንንሾቹ 1 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ እነሱ ዚንክ ናቸው። ሁለቱንም ከጨርቁ ጋር የሚያያይዝ፣ ሰውነትን የማይጎዳ ማጣበቂያ አለ። በዚህ አበቃ። ሽቦ የለውም። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ወደ ሶኬት የሚሄድ ገመድም የለውም።

ይህ ቁስልን ከባክቴሪያ የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የሚሠራው ቮማሪስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ስሙም ፕሮሴሌራ ይባላል። አርትሬክስ የሚባለው ሌላው ኩባንያ በዚሁ ጥበብ የተሠራውን ለቀዶ ሕክምና ቁስል ጃምፕስታርት ብሎ ይሸጠዋል። ለቃጠሎ፣ ለአልጋ ቁስል፣ ለስኳር ሕመም የእግር ቁስል፣ በቀዶ ጥገና ለተሰፋ ቆዳ ይውላል። ሐኪም ቤት ያለ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ተራ ፋሻ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን የነጠብጣቦቹ ስፋት፣ ክብደትና አቀማመጥ ብዙ ይናገራል።

ደረቅ ሳለ ምንም አይሠራም። ጨው ያለበት እርጥበት ሲነካው ዚንኩ ኤሌክትሮን መልቀቅ፣ ብሩም መቀበል ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ከ0.5 እስከ 0.9 ቮልት ይፈጠራል። እርጥበቱ የሚመጣው ከቁስሉ ነው። ቁስል እዥ ያወጣል፤ እዥ ውስጥ ጨው አለ። መሣሪያውን የሚያስነሣው እንግዲህ ሊጠብቀው የተዘጋጀው ቁስል ራሱ ነው። ቁስሉ ደረቅ ከሆነ ነርሷ ሳላይን ጠብ ታደርግበታለች፤ ያው የጨው ውሃ ነው። የሠሪዎቹ ትልቁ ብልኃት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያን ለማሻሻል የተለመደው መንገድ አንድ ነገር መጨመር ነው። እነሱ ግን ባትሪውን ከሣጥኑ አወጡት፤ ከዚያም ሣጥኑን ጣሉት። የባትሪው ሦስተኛ ክፍል፣ ማለትም ፈሳሹ፣ ከታካሚው ሰውነት እንዲመጣ ተዉት።

ብርና ዚንክ ሲጣመሩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1800 ከኮሞ ከተማ ለንደን ለሚገኘው ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለጆሴፍ ባንክስ በጻፈው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ባትሪ አሠራር ዘርዝሯል። የብር ዝርግ ክብ፣ በላዩ የዚንክ ዝርግ ክብ፣ በላዩ በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን፤ ከዚያ እንደገና ብር፣ ዚንክ፣ ካርቶን። የጨርቁም ነጠብጣቦች እነዚያው ሁለቱ ብረቶች ናቸው፤ የጨው ውሃውም ያው ነው። ልዩነቱ አቀማመጡ ነው። ቮልታ ጥንዶቹን እርስ በርስ ደራረባቸው። ሲደራረቡ የእያንዳንዱ ጥንድ ቮልት ከሌላው ጋር ይደመራል፤ የእሱም ዓላማ ይኸው ነበር። በጨርቁ ላይ ግን ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ቮልቱ አይደመርም። ጨርቁ የመዳፍ ያህል ቢሆን ወይም ጀርባን ሁሉ ቢሸፍን በአንድ ብርና በአንድ ዚንክ መካከል ያለው ያው ከ1 ቮልት በታች ነው። የሚያድገው የሚሸፈነው ስፋት ብቻ ነው።

ከ1 ቮልት በታች መሆኑም ትርጉም አለው። ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል ቢያንስ 1.23 ቮልት ያስፈልጋል። ጨርቁ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በቁስሉ ውስጥ ያለውን ውሃ አይሰብርም፤ የጋዝ አረፋም አያስነሣም። ታካሚው ንዝረት አይሰማውም።

ከአቀማመጡ ሌላም ነገር ይገኛል። ጨርቁ በመቀስ ይቆረጣል። በጣት ዙሪያ ለመጠምጠም ቀጭን ተደርጎ፣ ለተረከዝ ክብ ተደርጎ፣ እንደ ቁስሉ ቅርጽ ይቆረጣል። ሽቦ ያለው መሣሪያ ቢቆረጥ ይሞታል። ይህ ግን በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ራሱን የቻለ ጥንድ ስላለው የተቆረጠው ቁራጭም፣ የተረፈውም ሙሉ ናቸው።

አሁን ወደ ክብደቱ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 0.9 ሚሊ ግራም ብርና 0.3 ሚሊ ግራም ዚንክ አለ። በጎን 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ 90 ሚሊ ግራም ብርና 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ይይዛል ማለት ነው። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ግራም ስምንተኛ እንኳ አይሞሉም። የብሩ ክብ በወርድ የዚንኩ እጥፍ ስለሆነ በስፋት አራት እጥፍ ነው፤ በክብደት ግን የጨርቁ ብር ከዚንኩ ሦስት እጥፍ ነው። ለምን ይህን ያህል ብር? እርሳስ ይዤ ሂሳቡን ስሠራው ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። የብር አቶም ከባድ ነው፤ የአቶም ክብደቱ 107.9 ነው። የዚንክ 65.4 ነው። ክብደቱ ወደ አቶም ቁጥር ሲቀየር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 8.3 ማይክሮ ሞል ብርና 4.6 ማይክሮ ሞል ዚንክ ይሆናል። አንድ የዚንክ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል። ብሩ በኦክሳይድ መልክ ነው ብንል አንድ የብር አቶም አንድ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ስለዚህ ዚንኩ 9.2 ማይክሮ ሞል ኤሌክትሮን ሊሰጥ ይችላል፤ ብሩ 8.3 ሊቀበል ይችላል። ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ሦስት ለአንድ የሆኑት ሁለት ብረቶች በኤሌክትሮን ሲቆጠሩ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው።

ያንኑ ሂሳብ አንድ እርምጃ ብንገፋው፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ዚንክ በጠቅላላ ሊሰጥ የሚችለው ወደ 0.89 ኩሎም ነው። ሳያቋርጥ 1 ማይክሮ አምፔር ቢፈስ 10 ቀን ገደማ ይቆያል። ጨርቁ ቁስል ላይ እንዲቆይ የሚፈቀደው እስከ 7 ቀን ነው። በወረቀት ላይ የተሠራ ሂሳብ መሆኑ አይዘንጋ፤ እውነተኛ ቁስል በየሰዓቱ ይርሳል፣ ይደርቃል። ቢሆንም 0.3 ሚሊ ግራም የሚለው ቁጥር ለምን እጅግ ትንሽ ሆኖ በቂ እንደሆነ ያሳያል።

1 ማይክሮ አምፔር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጀርመኑ ሐኪም ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን እ.ኤ.አ. በ1843 የገዛ ጣቱን ቆርጦ ከቁስሉ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ለካ። ያገኘው 1 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነበር። ቆዳችን ኤሌክትሪክ አለው። የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ሶዲየም አዮንን ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ በዚህ ምክንያት የቆዳው ውስጥ ከውጩ ይልቅ ፖዘቲቭ ይሆናል። ልዩነቱ በአሥሮች ሚሊ ቮልት የሚቆጠር ነው። ቆዳ ሲቀደድ በዚያ ቦታ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ወደ ቁስሉ መሐል የሚፈስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በቁስሉ ጠርዝ ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ከ40 እስከ 200 ሚሊ ቮልት ይደርሳል። የቆዳ ሕዋሳት ይህን ይሰማሉ፤ ወደ ኔጌቲቩ፣ ማለትም ወደ ቁስሉ መሐል፣ ይጓዛሉ። ሚን ዣኦና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ የሕዋሳቱም ጉዞ ይገለበጣል።

ስለዚህ ጨርቅ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የቆዳን ኤሌክትሪክ ይኮርጃል ይባላል። እኔ አባባሉ ትክክል አይመስለኝም። መጠኑ ይቀራረባል፤ ቅርጹ ግን ይለያል። የቆዳ ኤሌክትሪክ ከዙሪያ ወደ መሐል የሚሄድ አንድ ትልቅ ፍሰት ነው። የጨርቁ ኤሌክትሪክ ከእያንዳንዱ ዚንክ ተነሥቶ ወደ አጠገቡ ብር የሚታጠፍ አጭር ቅስት ነው፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ቅስቶች በቁስሉ ወለል ላይ ተበትነዋል። የቁስሉ ጠርዝ የት እንደሆነ አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ለጠርዙ ብቻ ሳይሆን ለወለሉ ሁሉ የተሠሩ ናቸው፤ ባክቴሪያ የሚሰፍረው ደግሞ ወለሉ ላይ ነው።

ብር ባክቴሪያን እንደሚጎዳ ከታወቀ ቆይቷል። የብር አዮን በባክቴሪያ ፕሮቲኖች ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ይያያዝና ሥራቸውን ያስተጓጉላል። ጆሴፍ ስፓዳሮና ሮበርት ቤከር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 እንዳሳተሙት፣ በብር ሽቦ ውስጥ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ባክቴሪያ ይበልጥ ይታገዳል። በእነሱ ሙከራ ብሩ የፖዘቲቩ ጫፍ ነበር። ኤሌክትሪኩ ብሩን አዮን እያደረገ ወደ ፈሳሹ ይገፋው ነበር።

በጨርቁ ላይ የብሩ ሥራ ተገልብጧል። እዚህ የሚሰጠው ዚንኩ ነው፤ ብሩ ተቀባይ ነው። ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ሌላውን ብረት እንደሚያቆይ ከቤታችን ጣሪያ እናውቃለን፤ ቆርቆሮ ቶሎ የማይዝገው በብረቱ ላይ የተለበጠው ዚንክ በብረቱ ፈንታ ስለሚበላ ነው። ስለዚህ ጨርቁን ብር የተቀባ ፋሻ ብሎ መጥራት ግማሹን መተው ነው። ብር ብቻ ያለው ፋሻ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ የሚሠራውም ብሩ ሲሟሟ ነው። ይህኛው ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው የሚሠራው። በቁስሉ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ከተቀባዮቹ ጋር ይሰለፋል። ኦክስጅን አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሱፐር ኦክሳይድ ይሆናል። ሁለት ኤሌክትሮንና ሁለት የሃይድሮጅን አዮን ሲቀበል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። ነጭ የደም ሕዋሳታችን ባክቴሪያ ሲያጋጥማቸው የሚያመርቱት ይኸው ሱፐር ኦክሳይድ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ቁስል ላይ ሲፈስስ የሚንተከተከው ነው፤ ልዩነቱ ጨርቁ የሚሠራው በማይክሮ ሞላር የሚለካ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። በዚህ ጥቂት መጠን የቆዳ ሕዋሳት አይቃጠሉም፤ ይልቁንም መልእክት ሆኖላቸው ይንቀሳቀሳሉ። ይህን በ2014 ያሳተሙት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቻንዳን ሴንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በጨርቁ ሥር የተቀመጡ የሰው ቆዳ ሕዋሳት ባዶውን ቦታ ለመሸፈን ይበልጥ ፈጥነው ተጉዘዋል።

የጠላትን ነገር ሳንረዳ የመሣሪያው ዋጋ አይታይም። በላቦራቶሪ ፈሳሽ ውስጥ ለብቻው የሚዋኝ ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒት ይገድለዋል። ቁስል ላይ ግን ባክቴሪያ ብቻውን አይቆይም። ከወለሉ ጋር ይጣበቃል፤ ይባዛል፤ ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ዝልግልግ ነገር ያመነጫል፤ በዚያ ውስጥ ይቀበራል። ይህ ባዮፊልም ይባላል። በባዮፊልም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን አቀዝቅዘው ይቀመጣሉ፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ በአብዛኛው የሚይዘው በማደግ ላይ ያለውን ነው። ውጩ ሲጠረግ ውስጡ እንደገና ይፈላል። ባክቴሪያዎቹ ቁጥራቸው መብዛቱን የሚያውቁበት መንገድም አላቸው። እያንዳንዱ ጥቃቅን ኬሚካል ይለቃል፤ ኬሚካሉ ሲበዛ ሁሉም በአንድነት የባዮፊልሙን ጂኖች ያስነሣሉ። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በተባለው፣ የቃጠሎ ቁስልን በሚያጠቃው ባክቴሪያ ውስጥ ይህን ከሚመሩት ጂኖች ሁለቱ ላስ አር እና አርኤችኤል አር ይባላሉ።

ኤሌክትሪክ ባዮፊልምን ያዳክማል የሚለው ሐሳብ ከጨርቁ ይቀድማል። ዊሊያም ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በ1992 ደካማ ኤሌክትሪክ ከፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል ጋር ሲጣመር ኬሚካሉ በባዮፊልም ላይ እንደሚበረታ አሳይተዋል። እነሱ ግን ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክና ሽቦ ነበራቸው። የሴን ቡድን በ2015 ያሳተመው ሙከራ ሽቦ አልባውን ጨርቅ በሱዶሞናስ ባዮፊልም ላይ ፈተነው። ከጎኑ ነጠብጣብ የሌለው ጨርቅና የተለመደው የብር ፋሻ ነበሩ። የብር ፋሻው ምንም ለውጥ ባላመጣበት ሁኔታ ጨርቁ ባዮፊልሙን በታተነው። የባዮፊልሙ ውፍረት ቀነሰ፤ በሕይወት ያሉት ባክቴሪያዎች ቀነሱ፤ ላስ አርና አርኤችኤል አር ደከሙ፤ ሱፐር ኦክሳይድ ጨመረ። ሙከራው እንዴት እንደታሰበ ልብ ይሏል። ነጠብጣብ የሌለው ጨርቅ የፖሊስተሩን ድርሻ ይለያል። የብር ፋሻው የብሩን ድርሻ ይለያል። ከሁለቱ የሚተርፈው የጥምረቱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ዓይኔን የያዘው ግን በ2019 አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ ላይ የወጣው የአሳማ ሙከራ ነው። የአሳማ ቆዳ ለሰው ቆዳ ቅርብ ነው፤ ስለዚህ የቁስል ጥናት አሳማ ላይ ይደረጋል። በቁጥጥር የተቃጠለ ቆዳ ላይ ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ባክቴሪያ በአንድነት ተደረገበት፤ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳና አሲኔቶባክተር ባውማኒ። ሁለቱም በቃጠሎ ክፍሎች ውስጥ ሐኪሞችን የሚያስቸግሩ ናቸው። ጨርቁ በሁለት መንገድ ተፈተነ። በአንደኛው ባክቴሪያው በገባ በ2 ሰዓት ውስጥ ተደረገ፤ ይህ ጥያቄው መከላከል ነው። በሁለተኛው 7 ቀን ተጠብቆ፣ ባዮፊልሙ ከተደላደለ በኋላ ተደረገ፤ ይህ ጥያቄው ማፍረስ ነው። ከዚያ እስከ 56 ቀን ድረስ ተከታተሉት። መከላከልንና ማፍረስን ለይቶ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። አንደኛው ታካሚው እንደገባ ምን ይደረግ የሚለው ነው፤ ሌላው ከሌላ ቦታ ከሳምንት በኋላ የተላከው ታካሚ ምን ይደረግለት የሚለው ነው። ጨርቁ በመጀመሪያው ባዮፊልም እንዳይፈጠር ከለከለ፤ በሁለተኛው የተፈጠረውን በታተነ።

መለኪያቸውም ከውጤቱ አያንስም። ቁስል ተዘጋ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ታይቶ ነው። ባዮፊልም የነበረበት ቁስል ግን በዓይን ተዘግቶ ሳለ ሊያሾልክ ይችላል፤ አዲሱ ቆዳ ውሃን አጥብቆ አይይዝም። አጥኚዎቹ ስለዚህ ከተዘጋው ቆዳ ላይ የሚተንነውን ውሃ ለኩ። ጨርቁ የተደረገበት ቆዳ ውሃን የመያዝ ችሎታው ተመለሰ። ሕዋስን ከሕዋስ ጋር የሚያያይዘው ኢ ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲንም ባዮፊልሙ ካጠፋው በኋላ ተመልሶ ተገኘ። ተዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዲህ በጥንቃቄ የጠየቀ ሙከራ ሳነብ ሥራውን ያከበሩ ሰዎች እንደሠሩት ይሰማኛል።

ጨርቁ ሁሉን አይተካም። የሞተ ሥጋ ካለ አስቀድሞ መጠረግ አለበት። ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ አንቲባዮቲክ ግድ ነው። የሚሠራው በሚነካው ቦታ ላይ ብቻ ነው።

በዚሁ ሐሳብ የሚሄዱ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፤ ከጨርቁ አጠገብ ሲቀመጡ የእሱ ምርጫዎች ይበልጥ ይታያሉ። በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ኤረንስበርገርና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳተሙት፣ አጥንት ውስጥ የገባ የቲታኒየም አካል ራሱ የኔጌቲቩ ጫፍ ተደርጎ 1.8 ቮልት ያህል ወደ ኔጌቲቩ ወገን ለአንድ ሰዓት ይያዛል። በብረቱ ወለል ላይ ኦክስጅንና ውሃ ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፤ በዚያ ቀጭን ንብርብር አካባቢው ወደ አልካላይ ይለወጣል፤ የተጣበቀው ባክቴሪያ አይቋቋመውም። ከጨርቁ ይልቅ ኃይሉ ከፍ፣ ጊዜው አጠር ያለ ነው። በ2024 ደግሞ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቦዝሂ ቲያን፣ ከሳን ዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጉሮል ሱኤል ከባልደረቦቻቸው ጋር በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሌላ መሣሪያ አሳተሙ። እሱ ያነጣጠረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ላይ ነው፤ በጤነኛ ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር፣ በካቴተርና በመሰል ዕቃ በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያሳምም ባክቴሪያ። 1.5 ቮልት በየ10 ደቂቃው ለ10 ሰከንድ ብቻ ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ 18 ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያው ለኤሌክትሪኩ ምላሽ የሚሰጠው አካባቢው አሲድነት ሲኖረው ነው፤ ጤነኛ ቆዳ ደግሞ በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው። በአሳማ ቆዳ ላይ ባክቴሪያው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይለኛል፤ ባክቴሪያው መቼ እንደሚሰማና መቼ እንደማይሰማ ተፈልጎ የተገኘ ነውና። ሆኖም የራሱ የኃይል ምንጭና ሰዓት ቆጣሪ ያስፈልገዋል። ጨርቁ ሁለቱንም ትቷል።

አጠቃቀሙ ራሱ የእጅ ሥራ ነው፤ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። ቁስሉ ይታጠባል። ጨርቁ እንደ ቁስሉ ልክ ይቆረጣል፤ በጤነኛው ቆዳ ላይ ትንሽ ቢደራረብ ጥሩ ነው። ከዚያ በሳላይን ወይም በውሃ በተሠራ የቁስል ጄል ይረጥባል፤ እዥ የሚበዛበት ቁስል ራሱ ያረጥበዋል። ነጠብጣቦቹ ያሉበት ፊት ወደ ቁስሉ ይዞራል። ቢገለበጥ ብረቶቹ ከቁስሉ ይርቃሉ፤ ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። በቫዝሊን የተሠራ ቅባት ከሥሩ አይደረግም፤ ቅባት ጨዋማውን ውሃ ከብረቱ ያርቃል፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ለብር ወይም ለዚንክ አለርጂ ያለበት ሰው አይጠቀምበትም። በላዩ እርጥበት የሚይዝ ሁለተኛ መሸፈኛ ይደረጋል፤ የመሸፈኛው ዓይነት የሚመረጠው በእዡ ብዛት ነው። እዥ የሚያጥለቀልቀው ቁስል የሚመጥ መሸፈኛ ይፈልጋል። እዥ የሌለው ቁስል እርጥበትን የሚያፍን መሸፈኛ ይፈልጋል፤ አለዚያ ጨርቁ በማግስቱ ደርቆ ይገኛል።

ሲነሣም በችኮላ አይሳብም። ደርቆ ከተጣበቀ ሳላይን ይፈስበታል፤ ይጠበቃል። ከሥሩ ያለው አዲስ ቆዳ ገና ጥቂት የሕዋስ ንብርብር ስለሆነ ከጨርቁ ጋር ሊነቀል ይችላል። ጨርቁ ከአንድ ጥግ በቀስታ ይነሣል፤ የቁስሉ ጠርዝ ይታያል፤ ይለካል፤ ቁስሉ ያልዳነ ከሆነ አዲስ ጨርቅ ይቆረጣል። ያገለገለው ተመልሶ አይደረግም፤ ዚንኩ በከፊል ተበልቷልና።